በኦብሴ ስም የተመዘገቡ አሥራ አንድ ሰርቨሮች

ስሜ ቸኮል ነው፤ በሕይወቴ ግን ቸኩዬ የፈረምኩት ወረቀት የለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ንብረት ጠብቄአለሁ፤ አሥራ ሁለቱን በመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ አሥራ ዘጠኙን ነፋስ ስልክ ባለው በዚህ የፍራሽ ፋብሪካ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት አንድ ወንበር ጎድሎብኝ አያውቅም። አንዴ መሰላል ጠፍቶ ነበር፤ እሱም ከሦስት ቀን በኋላ ጥበቃዎቹ ልብስ ሲያሰጡበት ተገኘ። ይህን የምለው ለመመካት አይደለም። ደግሞስ ብመካ ምን አለበት! ብቻ ስለ ኦብሴ ከማውራቴ በፊት እኔ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ይታወቅልኝ ብዬ ነው።

ኦብሴ ሮበሌ የፋብሪካችን የኮምፒውተር ሰው ነበረች። የቅጥር ደብዳቤዋ ላይ ማዕረጓ "የሲስተምና የመረጃ ማከማቻ አስተዳዳሪ" ይላል፤ እኛ ግን "አይቲዋ" ነበር የምንላት። የተወለደችው ሀና ማርያም ነው፤ ከተማው ሳይደርስባቸው በፊት እዚያው ጤፍና ሽምብራ ሲዘሩ ከኖሩ ሰዎች። አባቷ ኦቦ ሮበሌ ዛሬም በፎቆች መሃል በተረፈቻቸው ግቢ ስድስት ላም ያልባሉ። ከስፖንጅ ኬሚካል ጋር ሲታገል ለሚውል ሠራተኛ በየቀኑ ወተት መስጠት በፋብሪካችን የቆየ ልማድ ስለሆነ፣ ከሰፈራቸው ሰዎች ወተት ሰብስበው፣ የራሳቸውንም ጨምረው የሚያቀርቡልን እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ልጅቷን ከመቀጠሯ በፊት አውቃታለሁ። ወተት መለኪያው አጠገብ ቆማ ከእኔ ጋር ስትቆጥር ያደገች ናት።

ከስምንት ዓመት ገደማ በፊት ስትቀጠር የሰርቨር ክፍሉ ውስጥ አሥራ አንድ ሰርቨር ነበር። ሰርቨር ማለት ቢሮ ውስጥ ያሉ ኮምፒውተሮች ሁሉ ሥራቸውን የሚያስቀምጡበትና የሚጠይቁበት ዋና ማሽን ነው። አንዱ ደመወዝ ይሠራል፣ አንዱ የጣት አሻራ ይመዘግባል፣ አንዱ ደብዳቤ ይይዛል፤ እንዲህ እያለ እስከ አሥራ አንድ። እያንዳንዱ ላይ በነጭ የዘይት ቀለም፣ በገዛ እጄ፣ ከ01 እስከ 11 ቁጥር ጽፌበታለሁ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ከእነዚህ ሁለት ሦስቱ አልነሳም ይላሉ። ኦብሴ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ስትለምናቸው ትውላለች። ክፍሉ በኤሲ ስለሚቀዘቅዝ የምሳ ዕቃውን እዚያ የሚያስቀምጥ ሠራተኛም ነበር፤ አንድ ቀን 05 ላይ የሽሮ ወጥ ፈስሶ የጣት አሻራ መዝገቡ ሁለት ቀን ቆመ። እኔ ሽሮውን ጠርጌ ቁጥሩን እንደገና ቀባሁት።

ከዚያ አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ ፊት ቆማ ሌላ መላ አመጣች። አሥራ አንዱ ብረት ይወገድ፤ በምትኩ ሁለት ጠንካራ ማሽንና ዲስክ የተሞላ አንድ ማከማቻ ይገዛ፤ አሥራ አንዱ ሰርቨር ከነሥራቸው እነዚያ ሁለቱ ውስጥ ይኑሩ። ቨርቹዋል ይሉታል። ሥራ አስኪያጁ አፉን ከፍቶ ሲያያት "አሥራ አንድ ቤተሰብ አሥራ አንድ ግቢ ከሚይዝ ሁለት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይግባ ነው የምለው" አለች። "ሁሉም የየራሱ በርና ቁልፍ አለው፤ ጎረቤቱን አያይም። አንዱ ሕንፃ ቢታመም ነዋሪው ሳያውቀው ወደ ሌላው ይዛወራል።" የገበሬ ልጅ፣ ያውም የሀና ማርያም ልጅ፣ በኮንዶሚኒየም ምሳሌ ስትሰጥ እኔ በሆዴ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ሐሳቡ ጸደቀ።

የቢሮ ኮምፒውተሮቻችንም በዚያው ዓመት ተለወጡ። ከጠረጴዛዬ ሥር ሆኖ ሲያንኮራፋ የነበረው ትልቅ ሣጥን ተነስቶ መዳፍ የምታህል ሣጥን መጣችልኝ። ሥራዬ ያለው ሣጥኗ ውስጥ ሳይሆን ከሰርቨሮቹ ውስጥ እንደሆነ፣ ሣጥኗ መስኮት ብቻ እንደሆነች ኦብሴ አስረዳችኝ። እሺ አልኳትና መዝገቤ ላይ "ኮምፒውተር፣ ትንሽ" ብዬ ጻፍኩ።

ጉዱ የመጣው ሁለቱን ማሽኖች ልመዘግብ ስል ነው። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ይዤው የመጣሁት ደንብ አለ፦ አሮጌ ዕቃ ከመዝገብ የሚሰረዘው ምትኩ ሲመዘገብ ነው። አሥራ አንድ ሰርቨር ከወጣ አሥራ አንድ ሰርቨር መግባት አለበት። እሷ ያመጣችው ሁለት ነው።

"ዘጠኙስ?" አልኳት።

"ውስጥ ናቸው፣ ጋሼ ቸኮል።"

"ምን ውስጥ?"

"ሁለቱ ውስጥ። አሥራ አንዱም ውስጥ ናቸው።"

"እንግዲያው አሥራ አንድ ናቸው ማለት ነው።"

ትንሽ አሰብ አደረገችና "አዎ፣ ቁጥራቸውስ አሥራ አንድ ነው" አለች።

እውነቷን ነው፤ መዘዝ ያመጣባትም ይኸው እውነት ነው። ወዲያው ሞዴል 22 አወጣሁ። ዕቃ ከግምጃ ቤት ወጥቶ በሰው እጅ ሲገባ የሚፈረምበት ወረቀት ነው። "ሰርቨር፣ ብዛት 11፣ ተረካቢ ኦብሴ ሮበሌ" ብዬ ጻፍኩ። እየሳቀች ፈረመች። ሁለቱ እውነተኛ ማሽኖች ግን ከመደርደሪያቸው እንደ መሳቢያ እየተሳቡ ስለሚወጡ "የብረት ካቢኔት፣ ባለ መሳቢያ፣ ብዛት 2" ብዬ ከቢሮ ዕቃ ጋር መዘገብኳቸው። ሰርቨሮቹ ላይ ቁጥር መቀባት ስላልተቻለ ከ01 እስከ 11 በወረቀት አትሜ የኦብሴ ስክሪን ጠርዝ ላይ በፕላስተር ለጠፍኩት። በየዓመቱ ሰኔ ቆጠራ ሲደርስ ወረቀቱን አይቼ አሥራ አንድ ብዬ እጽፋለሁ፤ ኮሚቴው ይፈርማል፤ ኦዲተሩም ይፈርማል። እንዲህ ሆኖ የሌለው ዕቃ በሦስት ማኅተም ጸና።

የኦብሴ ዋና ራስ ምታት ግን የእኔ ቁጥር አልነበረም፤ ማከማቻው ነበር። ሰው ዲስክ ሲሰጠው የማይሞላ ጎተራ የተሰጠው ይመስለዋል። በሁለት ዓመቱ ሞላ። ማነው የሞላው ብላ ስትፈትሽ "የግብር ሰነድ" የሚል ፎልደር ከሁሉ አብጦ አገኘችው። የሒሳብ ክፍሉ ኤልዳድ ነበር። ኤልዳድ መካኒሳ ባለች ቤተ ክርስቲያን የሚዘምር ጨዋ ልጅ ነው፤ የአራት ዓመት የመዘምራን ልምምድ በቪዲዮ ቀርጾ፣ ማንም ደፍሮ የማይከፍተው ስም መርጦ አስቀምጦታል። ሌላ ሰው ቢሆን በስብሰባ ያዋርደው ነበር። እሷ ሁሉንም በውጭ ዲስክ ገልብጣ፣ በፖስታ አሽጋ፣ "ግብሩ ውስጡ ነው" ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። ኤልዳድ ይህን ለእኔ የነገረኝ እሷ ከሄደች በኋላ ነው፤ ሲነግረኝም ዓይኑን እያሻሸ ነበር።

ሁለተኛው ጥፋተኛ እኔው ነኝ። እያንዳንዱን ደረሰኝ ሦስት ጊዜ ስካን አድርጌ "ዋናው"፣ "የዋናው ዋና" እና "የመጨረሻው ዋና" የሚሉ ፎልደሮች ውስጥ አስቀምጥ ነበር። አይታ እስክታለቅስ ሳቀችብኝ። "ጋሼ፣ እኔ እኮ በየቀኑ ቅጂ አስቀምጥልዎታለሁ" አለችኝ። "አንቺም አስቀምጪ፣ እኔም ላስቀምጥ" አልኳት። ተወችኝ።

ሰባት ዓመት ብቻዋን ሠራች። የወንድሟ ሰርግ ዕለት እንኳ ሙሽራው ሲገባ እሷ ጓሮ ቆማ ለጥበቃችን የትኛውን ቁልፍ እንደሚጫን በስልክ እየነገረችው ነበር። ዓመት ፈቃድ ስትጠይቅ "ማን ይተካሽ?" ይባላል፤ ሰው ቅጠሩልኝ ስትል "አንቺ እያለሽ ምን ያስፈልጋል?" ይባላል። በመጨረሻ ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ከቤቷ ብዙም የማይርቅ አንድ ሆስፒታል ቀጥሮ ወሰዳት። አራት ሆነው ነው የሚሠሩት። "ሰው ስልኩን አጥፍቶ ምሳ ሲበላ ማየት እፈልጋለሁ" አለችኝ። ሆስፒታሉ አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት፦ እስከ ዓርብ ክሊራንስ ይዘሽ ነይ፤ ካላመጣሽ ተጠባባቂውን እንጠራለን።

ክሊራንስ ማለት ሠራተኛው የማንንም ዕቃ ይዞ እንዳልሄደ ዘጠኝ ክፍል የሚፈርምበት ወረቀት ነው። ሻይ ክበቡ ብርጭቆ አልወሰደችም ብሎ ፈረመ፤ ክሊኒኩ ፋሻ አልወሰደችም ብሎ ፈረመ። ስምንቱን በአንድ ቀን ጨርሳ ማክሰኞ ከሰዓት እኔ ዘንድ መጣች። ከእኔ በኋላ የቀረው የሰው ኃይል ኃላፊዋ የወይዘሮ ተናኘ ማኅተም ብቻ ነው፤ እሷ ደግሞ የእኔን ፊርማ ካላየች ማኅተሙን ከመሳቢያ አታወጣም።

መዝገቡን ከፈትኩ። በስሟ አንድ ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አሥራ አንድ ሰርቨር።

"ወንበሩና ጠረጴዛው አሉ" አልኩ። "አሥራ አንዱን ሰርቨር አስረክቢኝና ልፈርም።"

የምቀልድ መስሏት ሳቀች። ፊቴን አየችና ሳቋን አቆመች።

"ጋሼ፣ እነሱ እኮ በእጅ የሚያዙ አይደሉም።"

"በእጅ ለማይያዝ ነገር ለምን ፈረምሽ?"

"እርስዎ እኮ ነዎት ያስፈረሙኝ!"

"እኔ አስፈራሚ ነኝ፤ የፈረምሽው አንቺ ነሽ።"

ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። ያኔ ግን ደረቴን ነፍቼ ነው የተናገርኩት።

ረቡዕ ሰርቨር ክፍሉ ወስዳ አሳየችኝ። ሁለቱ ካቢኔቶች ይጮኻሉ። ስክሪኑ ላይ አሥራ አንድ መስመር፣ በየመስመሩ ጫፍ አረንጓዴ ነጥብ። "ይኸውልዎት፣ ሁሉም አሉ፣ ሁሉም ደህና ናቸው" አለች። ስክሪኑን በጣቴ ነካሁት። መስታወት ነው። "ንብረት ማለት በእጅ የሚነካ ነው" አልኳት። "እንግዲያው ስህተት ነበር ብለን መዝገቡን እናርመው፤ እነዚያ ካቢኔት ያሏቸው ናቸው ሰርቨሮቹ፣ እነሱን ይረከቡኝ" አለችኝ። ይኸኔ ነው ከምር የተቆጣሁት። ኮሚቴና ኦዲተር የፈረሙበት መዝገብ ላይ፣ ጡረታዬ ስምንት ወር ሲቀረው፣ "ስህተት ነበር" ብዬ ልጻፍ? ካቢኔቶቹ በስምሽ አይደሉም፣ የክፍሉ ናቸው ብያት ወጣሁ። እውነቱን ልናገር፦ ያስጨነቀኝ የፋብሪካው ንብረት አልነበረም፤ የገዛ ስሜ ነው። የልጅቷን ዓርብ በእኔ ስም ለወጥኩት።

ሐሙስ ጠዋት ኦቦ ሮበሌ ወተት ይዘው መጡ። እንደ ልማዳችን አብረን ለካን፤ መቶ ሃያ ሊትር ሞላ። መረከቢያውን ስጽፍ እሳቸው ጄሪካኑ ላይ ተቀመጡ።

"ቸኮል" አሉኝ፣ "እኛ ዘንድም መሬት ቆጣሪ መጥቶ ያውቃል። አባቴ ባረሰው መሬት፣ ሽምብራው መሃል ቆሞ ወረቀቱን ገለበጠና 'እዚህ መሬት የላችሁም' አለን። ቆሞበት እኮ ነው! ጫማው ላይ ጭቃችን አለ። ወረቀቱ ላይ ከሌለ የለም አለ።"

"እሱ ሌላ ነው፣ ኦቦ ሮበሌ" አልኩ።

"ይሁን፣ ሌላ ነው። አሁን ደግሞ ልጄን 'ወረቀቱ ላይ አለ፣ ስለዚህ አምጪ' አልካት። የለም ብትልህ አትሰማም።" ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። "እኔ የምጠይቅህ፣ መሬቱንም ወረቀቱንም አንድ ላይ የሚያይ ቆጣሪ ከየት ነው የሚገኘው?"

የወተቱን መረከቢያ ፈርሜ ሰጠኋቸው፤ ተቀብለው ሳያነቡ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ያን ቀን ምሳ አልበላልኝም፤ ግን ደግሞ የልጅቷን ክሊራንስም አልፈረምኩም።

ዓርብ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ኦብሴ ግምጃ ቤት መጣች። ዓይኗ አብጧል፤ ድምጿ ግን የተረጋጋ ነበር።

"እሺ ጋሼ፣ ላስረክብ። መጀመሪያ አንዱን በናሙና እንይ፤ ከሠራ የቀሩትን አስከትላለሁ። የቱን ይፈልጋሉ?"

እንዲህ ሥርዓት ሲኖር ደስ ይለኛል። "ሰባትን" አልኩ። ከድሮዎቹ ብረቶች ቁጥሩን አሳምሬ የጻፍኩት 07 ላይ ስለነበር ነው እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

"ሰባት ምን እንደሚሠራ ልንገርዎት?"

"ሥራውን አልጠየቅኩሽም፤ ቁጥሩን ነው የጠየቅኩሽ።"

"እንዳያዝኑብኝ ብዬ ነው።"

"አላዝንም!"

"እንግዲያው በጽሑፍ ይስጡኝ።"

ጻፍኩላት፦ "ሰርቨር ቁጥር 07 ዛሬ ለግምጃ ቤት ተመላሽ ይሁን።" ፈረምኩ፣ ስሜ ያለበትን ቲተር መታሁበት። ተቀብላ ሄደች። እኔም እጄን ታጥቤ፣ መነጽሬን ጠርጌ፣ ገቢ ዕቃ የሚመዘገብበትን ሞዴል 19 ለመሙላት ኮምፒውተሬ ፊት ተቀመጥኩ። የንብረት መዝገቡን ተጫንኩ። አይከፈትም። ደግሜ ተጫንኩ። "መገናኘት አልተቻለም" አለኝ። ሦስተኛ ጊዜ ተጫንኩና ስልኩን አነሳሁ።

"ኦብሴ፣ መዝገቡ ተበላሽቶብኛል።"

"አልተበላሸም፣ ጋሼ። አስረክቤዎታለሁ።"

ቀስ ብላ አስረዳችኝ፤ ድምጿ ውስጥ ፌዝ አልነበረም፣ ቢኖር ይሻለኝ ነበር። ሰባት የእኔው መዝገብ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የቆጠርኩት ወንበር ሁሉ፣ መሰላሉም፣ ወተቱም፣ አሥራ አንዱ ሰርቨር በስሟ መሆኑን የሚናገረው መስመር ራሱ እዚያ ውስጥ ነበር። ተመላሽ ይሁን ስል ፈርሜ ያዘጋሁት እሱን ነው። ገቢ ሆኗል ብዬ ልጽፍበት የምችልበት ቦታ እንኳ የለኝም።

ወዲያው ከውጭ ጥሩምባ ተሰማ። የጭነት መኪና ከበር የሚወጣው በእኔ መዝገብ በሚታተም የመውጫ ወረቀት ነው። ፍራሽ የጫኑ ሦስት አይሱዙዎች፣ ሐዋሳ የሚሄዱ፣ በሩ ላይ ተሰልፈዋል። ጥበቃው መውጫ ይላል፣ ሾፌሩ መንገድ ይላል፣ ስልኬ ይጮኻል። ሥራ አስኪያጁ ነው። "ቸኮል፣ ምን ሆነሃል?" አለኝ። ሰርቨር ተረክቤ ነው አልለው!

ሰርቨር ክፍል ስደርስ ላብ በላብ ሆኛለሁ። ኦብሴ ወንበሯ ላይ ቁጭ ብላ እየጠበቀችኝ ነበር። ከአሥራ አንዱ መስመር አንዱ ነጥብ ጠቁሯል።

"መልሺው፣ ልጄ!"

"አንድም ነገር አልጠፋም፤ ከማጥፋቴ በፊት ቅጂ ይዣለሁ" አለች። "ግን አሁን እርስዎ እጅ ገብቷል። ተመልሶ እንዲሠራ ከግምጃ ቤት ለሰው ወጪ መሆን አለበት። ተረካቢ ማነው?"

"አንቺ ነሻ!"

"የእኔ የመጨረሻ ቀን ዛሬ ነው።"

ወይዘሮ ተናኘ ጋ ደወልኩ፤ በኦብሴ ቦታ ማን ተቀጠረ ብዬ። ማንም። ማስታወቂያውም ገና አልወጣም። ታዲያ ደንቡን ከእኔ በላይ ማን ያውቀዋል? ተረካቢ የሌለው ንብረት በግምጃ ቤት ኃላፊው ስም ይቆያል። ኦብሴም ታውቀዋለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። የጥሩምባው ጩኸት ሲበረታ ባዶ ሞዴል አውጥቼ በእጄ ሞላሁት፦ ሰርቨር፣ ብዛት 11፣ አስረካቢ ኦብሴ ሮበሌ፣ ተረካቢ ቸኮል። በሠላሳ አንድ ዓመት ሳልነካ የተረከብኩት የመጀመሪያው ዕቃ ነው። ከዚያ ክሊራንሷ ላይ ፈረምኩ። ወረቀቱን ስትቀበለኝ "አይዞዎት ጋሼ" አለችኝ፤ እሷን አይዞሽ ማለት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ሰባትን አስነሳችው። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።

ወይዘሮ ተናኘ ማኅተሙን መታችላት፤ ኦብሴም ከሰዓት በኋላ ሆስፒታሉ ደረሰች። ለሚተካት ሰው በእጇ የጻፈችውን ደብተር እኔ ጋ ትታ ሄደች። የትኛው ማሽን ሲቆም ምን እንደሚደረግ፣ ማከማቻው ሲሞላ ከየት መጀመር እንዳለበት፣ ሁሉንም በአማርኛ ዘርዝራዋለች። አንዱ ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ "ጋሼ ቸኮል ሁሉን ነገር ሦስት ቦታ ያስቀምጣሉ። አትሳቁባቸው፤ ከፋብሪካው ሰው ሁሉ ቅጂ የማስቀመጡ ሐሳብ የገባቸው እሳቸው ናቸው። ስህተታቸው ሦስቱንም አንድ ዲስክ ላይ ማድረጋቸው ብቻ ነው።" ይህን ሳነብ ግምጃ ቤቱን ከውስጥ ቆልፌ አለቀስኩ። አራት ቀን ሙሉ ያስለቀስኳት ልጅ ናት።

ይኸው ስምንት ወር ሆነ። ማስታወቂያው ሦስት ጊዜ ወጣ፤ የመጡት አንድ ሰው ብቻውን እንደሚሠራ ሲሰሙ ተመልሰው አይመጡም። በወር አንዴ ከውጭ አንድ ባለሙያ ይመጣል። በቀረው ጊዜ ጠዋት ጠዋት ደብተሩን ይዤ የምገባው እኔ ነኝ። አረንጓዴ ነጥቦቹን ከአንድ እስከ አሥራ አንድ እቆጥርና ደህና ዋሉ ብዬ እወጣለሁ። ምሳ ዕቃ ይዞ የሚመጣውንም አባርራለሁ።

እነሆ ሰኔ ደረሰ፤ ጡረታዬም ደረሰ። ክሊራንስ ያስፈልገኛል። በእኔ ቦታ የምትገባው ከግዢ ክፍል የተዛወረችው ቤተልሄም ናት፤ የሁለት ልጆች እናት፣ ቆፍጣና ሴት። ሁለት ወር ሙሉ አጠገቤ አስቀምጬ ያሠለጠንኳት እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ቀን የነገርኳት ቃል "በእጅሽ ያልነካሽውን አትፈርሚ" የሚል ነበር፤ ግድግዳው ላይም ጽፋ ለጥፋዋለች። ትናንት ዝርዝሬን ይዛ መጣች።

"ጋሼ ቸኮል፣ በስምዎ ሰርቨር አሥራ አንድ ይላል። የታሉ?"

"ውስጥ ናቸው" አልኳት።

"ምን ውስጥ?"

"ካቢኔቶቹ ውስጥ።"

መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየችኝ። "ካቢኔቶቹን ከፍተው ያሳዩኛላ" አለች።

ማታ ቤቴ ገብቼ ለኦብሴ ደወልኩ። ስልኳ ዝግ ነበር፤ ደስ አለኝ። ከራት በኋላ መልሳ ደወለች። የሆነውን ስነግራት እንደዚያን ጊዜው እስክታለቅስ ሳቀች። ስትጨርስ "ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ልጄ" አልኳት።

"ለምኑ ጋሼ?"

"ለእነዚያ አራት ቀናት።"

"እርስዎ ስንት ቀን ቀረዎት?"

"አራት።"

"ሰባትን በናሙና ይስጧታ" አለችና ደግሞ ሳቀች። "አይ፣ ስቀልድ ነው። ነገ ከሰዓት ፈቃድ ወስጄ እመጣና አስረዳታለሁ። ፈቃድ ስጠይቅ እኮ ይሰጡኛል፣ ጋሼ!"

እስኪ ትምጣ። ቤተልሄም ብታምናት እሰየው ነው። ዛሬ ጠዋት ግን ግምጃ ቤቱን ገና ከመክፈቴ ቤተልሄም ቀድማ ቆማ ነበር፤ ለሰርቨር ክፍል ቁጥር መጻፊያ የሚል የወጪ መጠየቂያ ይዛለች። ነጭ የዘይት ቀለም አንድ ጣሳ፣ ብሩሽ አንድ። ፈርሜ ሰጠኋት።